ቄብ ናት ያልናት

ከሐይቅ ከፍ ብሎ ዳገቱ ሲጀምር፣
የእትዬ ጦይባ ነው ያ የቁልቋል አጥር።
ቄብ የሚሻ ሁሉ ገበያ አይወርድም፤
እሷ ከፈረደች ማንም አይፈርድም።

ሦስት ሳምንት ያልሞላው ጫጩት ታነሣና፣
ክንፉን በሁለት ጣት ዘርጋ ታደርግና፣
«ሴት ቀድማ ትለብሳለች፤ እየው ሸምሱ» ትላለች፣
«ላባዋ ደርሶላት ጀርባዋን ሸፍናለች።
ወንዱ ግን ራቁቱን፣ ጉረኛ ነውና፣
በብርዱ ይዞራል ደረቱን ነፋና።

ገብስማ ሲሆን ደግሞ አናቱን ተመልከት፤
ነጩ ነጥብ ከተበተነ፣ እንደ ደፉት ወተት፣
አውራ ነው፣ አትጠራጠር፤
ሰብሰብ ብሎ ስሙኒ ካከለ ግን
ቄብ ናት፣ በእንቁላል ቁጠር።
የቄቧ ገብስማ ጠቆር ይላል፣ ዳመና ያዘለ፤
የአውራው ፈዘዝ ያለ፣ ዱቄት የነካካው የመሰለ።»

ይህን ስትለኝ ጫጩቱን
አፍንጫዋን እስኪነካ ነው ያስጠጋችው፤
ወደ መስኮቱ ዞራ ነው ያየችው።
የቀኝ ዓይኗን ሞራ ጋርዶት፣ ግራው እየተከተለ፣
«የሐይቁ ጭጋግ ነው» ትላለች፣ እኩለ ቀኑ ጠርቶ ሳለ።

ጳጉሜን ሊያልቅ ሲል አስረበብ ከላይ ሰፈር መጣች፣
የልጅ ልጇን በእጇ ይዛ፤
«ይህች ትምህርት ልትገባ ነው» አለች፣
«እንቁላል ሸጣ ደብተር የምትገዛበት አንዲት ቄብ ስጪያት።»
እትዬ ጦይባ ቅርጫቱን ዳበሰች፣ አንዷን ገብስማ አነሣቻት፣
ወደ ብርሃኑ ዞረች፣ አስጠጋች፣ አራቀች፣
«ቄብ ናት። ወላሂ ቄብ ናት» ብላ ለልጅቷ ሰጠች።

እኔ አይቻለሁ ነጥቡን፣
ከስሙኒ ሰፋ፣ ወደ ዳር ፈሰስ ያለ ወተቱን።
ዝም አልሁ።
ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያልተሳሳተች እጅ
ሰው ፊት አትታረምም፤ ይልቁንም በወንድሟ ልጅ።
«ምናልባት የተሳሳትሁት እኔ ነኝ» አልሁ ለራሴ፤
ሌሊቱን ግን ያች ነጥብ ስትሰፋ አደረች በትራሴ።

መስከረም አለፈ፣ ጥቅምት። ልጅቷ ለዶሮዋ ስም አወጣች፤
«ደብተሬ» አለቻት። በኅዳር አንድ ቀን ታቅፋት መጣች፦
«እትዬ፣ አንገቷ ያብረቀርቃል፤ ታማ ይሆን እንዴ?»
እትዬ ጦይባ ዓይኗን አላስጠጋችም በዚህኛው ጊዜ፤
ጣቷን ሰደደች ከላባው ሥር፣
አንዲቷን ለይታ ይዛ፣ ጫፏን ዳሰሰች፣ እንደ ክር
መርፌ ቀዳዳ እንደሚያስገቡት።
የቄብ ላባ ክብ ነው ጫፉ፣ እንደ ጥፍር።
ይህ ግን ሹል ነበር፣ እንደ ወስፌ የተሳለ፤
ጣቷ እዚያው ቆመ። ግቢው ሁሉ ዝም አለ።

ቀጥሎ ሳቀች፣ ጉልበቷን መትታ፣ ቆይታ ቆይታ።
«ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት ነበር ተረቱ፤
ይህኛው እኔን ጣለኝ፣ ያለ መጫኛ፣ በወተቱ!
ሸምሱ፣ አንተ አይተኸው ነበር?»
መሬት መሬት አየሁ።
«አይተኸዋል» አለች። «ከዛሬ ወዲያ ነጥቡን አንተ እይልኝ፤
ላባውን ለጣቴ ተውልኝ።»

በምትኩ ሌላ መረጥሁ፤ ጠቆር ያለች፣ ነጥቧ ሰብሰብ ያለ፤
(ፋሲካ ላይ ትጥል እንደሁ እንጃ፤ እንቁላል ገና ነው፣ አልታየ።)
ልጅቷ ሁለቱንም ታቀፈች እንጂ ያንን አልመለሰችም፤
«ደብተሬ ናት» ያለችውን «ደብተሬ ነው» ለማለት
ከበሩ እስከ ቁልቋሉ እንኳ አልፈጀባትም።

አሁን በታኅሣሥ ብርድ፣ ከአዛን በፊት፣ ከላይ ሰፈር
አንድ የተሰነጠቀ ድምፅ ይሰማል፣ እንደ ዛገ የወፍጮ ቤት በር፤
ይጀምርና ይሰበራል፤ ያፍራል መሰለኝ፤ ደግሞ ይጀምራል።
እትዬ ጦይባ በጨለማው ውስጥ ጋቢዋን ስትስብ ይሰማኛል፦
«ሰማህ ሸምሱ?
ቄቤ ጮኸች።»